እግረ መንገድ

ለመንገደኛ ከአማርኛ ቃላት ሁሉ የሚመቸው «እግረ መንገድ» የሚለው ነው። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ላንጋኖ ዳር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ቢገኝና «ምን ልትሠራ መጣህ?» ቢባል፣ «ልዝናና» ብሎ አይመልስም። «ሻሸመኔ ለቅሶ ደርሰን እየተመለስን ነው፤ እግረ መንገዳችንን ነው» ይላል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ ዓሣውን የሚያወራርደው ስልጠና ተልኮ ነው። ድሬዳዋን ያወቃት ቁልቢ ስለት ሊያስገባ ሄዶ ነው። ጎንደርን ያየው የሚስቱ አጎት ልጅ ሲዳር ነው። ሲመለስም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ከመቂ አንድ ሣጥን ቲማቲምና አንድ ጆንያ ሽንኩርት፣ ከዝዋይ በፌስታል የተቋጠረ ዓሣ፣ ከመንገድ ዳር ደግሞ ከሰል ይጭናል። መኪናው ደጅ ቆሞ ዕቃው ሲወርድ ጎረቤት የሚያየው ይህንን ነው። «ሽንኩርት እዚያ እኮ በግማሽ ዋጋ ነው» ይባላል። ቤንዚኑ ስንት ሊትር እንደፈጀ፣ ሆቴሉ ለአዳር ስንት እንዳስከፈለ የሚጠይቅ የለም። ጠያቂ ቢገኝም እማወራዋ ሽንኩርቱን ጠቅሳ ኪሳራውን ወደ ትርፍ ለማዞር አያቅታትም።

ይህን ልማድ ለብዙ ዘመን የመረመረው አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና መረመረው። የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ፤ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ትልልቅ ስብሰባዎችም ታገዱ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጨባበጥ ቀረ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የሕዝብ ማመላለሻ ከወንበሩ ግማሹን ብቻ እንዲጭን ታዘዘ፤ አንዳንድ ክልሎችማ ከዚያም ቀድመው የሕዝብ ትራንስፖርትን አግደው ነበር። እንግዲህ በዚያ ሰሞን በየተራ የቆመውን ነገር ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። የቆመው ሠርጉ ነው፤ ንግሡ ነው፤ ስልጠናው ነው፤ ምርቃቱ ነው፤ የአርባና የሰማንያው ተዝካር ነው። በሽታው የእኛን ሽርሽር በቀጥታ አልነካውም፤ ሰበቡን መታ፣ ሽርሽሩ ተከትሎ ወደቀ። እግረ መንገድ እንዲኖር መጀመሪያ መንገድ መኖር አለበታ።

በዚያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ሲደጋግመው የነበረ አንድ ምክር ነበር፤ «በጣም አስፈላጊ ካልሆነ በቀር አትጓዙ» የሚል። ምክሩ የተጻፈው ጉዞውን ለሁለት ከፍሎ ለሚያውቅ ሰው ነው። ፈረንጁ የሥራ ጉዞውን በአንድ ማኅደር፣ የዕረፍት ጉዞውን በሌላ ማኅደር ያስቀምጣል። የሐምሌን ሽርሽር በጥር ይቆርጣል፤ የአውሮፕላኑን ትኬት፣ የሆቴሉን አልጋ፣ የባሕሩን ዳር ወንበር ሳይቀር ከፍሎ ይይዛል። በሽታ ሲመጣ ምን እንደሚሰርዝ አይጠፋውም። ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ካልተመለሰለትም «በሚቀጥለው ዓመት ይበሩበታል» የሚል ወረቀት ይሰጠዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ያንን ወረቀት ይዞ ዓመት የጠበቀው ስንቱ ነው! ስም ያለው ነገር መቆጠሩም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2019 ድንበር ተሻግረው የተጓዙ ጎብኚዎች 1.5 ቢሊዮን ገደማ ነበሩ፤ በ2020 ወደ 400 ሚሊዮን ወረዱ። አንድ ቢሊዮን ጉዞ በአንድ ዓመት ጠፋ ተብሎ በሰንጠረዥ ተመዘገበ። የእኛስ? ላንጋኖ የቀረችውን እግር ማን ይቁጠራት? ሰውዬው ለቅሶ ያልደረሰ ተብሎ ይመዘገብ እንደሆነ እንጂ ሽርሽር የቀረበት ተብሎ አይመዘገብም። ምናልባት ሒሳቡን የምታውቀው ደብረ ሲና ላይ በአውቶቡስ መስኮት ቆሎ የምታቀብለዋ ልጅ ናት። ግማሽ ወንበር ማለት ለእርሷ ግማሽ መስኮት ነበር። በዚያ ላይ በበሽታው ሰሞን መስታወቱ ሲከፈትላት አፍና አፍንጫውን የሸፈነ ተሳፋሪ በሁለት ጣቱ ብሩን አንጠልጥሎ ነበር የሚሰጣት።

እኛ ዘንድ «አስፈላጊ ያልሆነ ጉዞ» የሚባል ነገር የለም። ኬላ ላይ «ወዴት ናችሁ?» የሚል ጠባቂ ቢቆም፣ መልሱ ከኮሮና በፊት ብዙ መቶ ዓመት ተጠንቶ ያለቀ ነው። አክስት ታማለች። ቤት ሊሸጥ ነው፤ ፊርማ ያስፈልጋል። የክርስትና ልጅ ሊቆርብ ነው። ሐሰት ነው እንዳይባል አክስቲቱ እውነትም ታማለች፤ አክስት የማይታመምበት ጊዜ የለም። ታዲያ የበሽታ መከላከያ መመሪያ አውጪ ከዚህ ሕዝብ ውስጥ የሽርሽርተኛውን ጉዞ ከባለጉዳዩ ነጥዬ ልከልክል ቢል፣ ጤፍን ከአሸዋ የመልቀም ያህል ነው። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ፣ አንድ ሱሪ ለብሰው ተቀምጠዋል።

ከሰበቦቹ ሁሉ ሲወድቅ ድምፁ የተሰማው ስልጠናው ነው። ስልጠና በመዲናይቱ ማካሄድ የማይቻልበት ምክንያት ምን እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ አያውቅም። አዳራሽ አዲስ አበባ ሞልቷል፤ ሠልጣኙም አሠልጣኙም የሚኖሩት እዚያው ነው። ግን «ከሥራ ጫና ርቆ ለመወያየት» ቢሾፍቱ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ ይኬዳል። የመክፈቻ ንግግር አለ፤ የማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ የያዘ ቦርሳ አለ፤ ረፋድ ላይ የሻይ ዕረፍት አለ፤ ከሰዓት በኋላ የቡድን ውይይት ይባልና ቡድኑ ሐይቁን እየዞረ ይወያያል። ከሁሉ በላይ ውሎ አበል አለ። አበል የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሆኗል፤ የቤት ኪራይ ሆኗል፤ በእርሱ የተገዛ ፍሪጅ ያለው ቤት ጥቂት አይደለም። ኮሮና ይህን ሁሉ አንስቶ ዙም ውስጥ ከተተው። ዙም ላይ ሐይቅ የለም። የሻይ ዕረፍት ሲባል ሠልጣኙ ተነስቶ የራሱን ሻይ በራሱ ስኳር ያፈላል። አሠልጣኙ ስለ ለውጥ አመራር እያስረዳ ሳለ ከአንዱ ቤት ዶሮ ይጮኻል፤ ከሌላው ቤት «ማን ነው ውኃውን ክፍት የተወው?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሰብሳቢው «እባካችሁ ድምፃችሁን ዝጉ» ይላል፤ ቀጥሎ የሚናገረው ራሱ ድምፁን ዘግቶ አምስት ደቂቃ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የሚገርመው ግን ትምህርቱ አልጎደለም። ያው ስላይድ ነው፤ ያው አሠልጣኝ ነው፤ ያው «ጥያቄና አስተያየት» ነው። ያው ሆኖ ሳለ ሁሉም ሰው አንድ ነገር እንደተወሰደበት ተሰማው። ከስልጠናው ላይ ስልጠናው ሳይነካ የተወሰደው ነገር ምን ነበር ቢባል፣ መልሱ ቢሾፍቱ ነው።

በሠርግም የታየው ይኸው ነው። በቤተሰብ ሕጋችን መሠረት በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለመጋባት ሁለቱ ተጋቢዎችና በያንዳንዳቸው በኩል ሁለት ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሹሙ ሲደመር ሰባት ሰው። (ሰባትም ከአራት ይበልጣል፤ አዋጁ ከሕጉ ጋር እንኳ በቁጥር አልተስማማም።) ጥቂት ደፋሮች በዚያ ዓመት በጣት ከሚቆጠር ሰው ጋር ተጋብተው፣ ለአምስት መቶ ሰው ሊታረድ የነበረውን ሰንጋ ወጪ የቤት ቅድሚያ ክፍያ አደረጉት። ባለ ትዳር ሆኑ፤ ልጅም ወለዱ፤ ጋብቻቸው ከማንም ጋብቻ አላነሰም። ቅር ያላቸው ዘመዶቻቸው ናቸው። «እንዴት ሳንጠራ?» ያሉት የሙሽሮቹ ደስታ ስላልታያቸው ብቻ አልነበረም። ከሦስት ወር በፊት ልብስ አሰፍተዋል፤ ሚኒባስ ተከራይተዋል፤ ሠርጉ ደሴ ከሆነ መንገድ ላይ የት ቁርስ እንደሚበላ፣ የት ወርዶ ፎቶ እንደሚነሣ፣ ጣርማበር ላይ ጉሙን ለማየት ስንት ደቂቃ እንደሚቆም ታቅዶ ነበር። ሙሽሮቹ የዚህ ሁሉ ሽርሽር ማስፈቀጃ ወረቀት መሆናቸውን ያወቁት ሲቀርባቸው ነው።

እዚህ ላይ የሚቆጣ አንባቢ ይኖራል። «ንግሥንና ተሳላሚን ከሽርሽር ጋር ትቀላቅላለህ?» ይላል፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። ግሸን ሽቅብ በእግሩ የሚወጣ፣ ኅዳር ጽዮንን ለመሳለም አክሱም የሚወርድ ሰው የሄደው ለእምነቱ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው በሌላ ነው። በ2012 ሚያዝያ 11 ትንሣኤ ሲከበር ምእመናን በየቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ ተነግሯቸው ነበር። ጸሎቱ አልቆመም፤ በቴሌቪዥን ቅዳሴውን እየተከታተለ በሳሎኑ የሰገደ ሰው ብዙ ነው። እምነቱ ቤት ውስጥ ገባ፤ ቤት ውስጥ መግባት ያቃተው መንገዱ ነው። በየአጥቢያው በር ላይ የሚለጠፈውን የጉዞ ማስታወቂያ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የገዳሙ ሥዕል፣ «ደርሶ መልስ፣ መስተንግዶን ጨምሮ»፣ «መነሻ ከሌሊቱ 11 ሰዓት»፣ ከሥር ስልክ ቁጥር። አውቶቡሱ ከከተማ እንደወጣ መዝሙሩ ይጀመራል፤ ዳቦ ቆሎው ከወንበር ወንበር ይዞራል፤ ስትመለሺ ጠበል አምጪልኝ ያለች ጎረቤት ጀሪካን በመቀመጫው ሥር አለ። ይህ ሁሉ ኃጢአት አይደለም፤ አባቶችም አልከለከሉትም። እኔ የምለው አምልኮው ሳይጎድል የናፈቀን ነገር ካለ እርሱ ስም ያስፈልገዋል ነው። ክርክሬ የማይሠራበት ቦታ እንዳለም አምናለሁ። ሐጅ ቦታው ራሱ ግዴታ ነው፤ መካን በሳሎን መተካት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሳዑዲ ዓረቢያ እዚያው የሚኖሩ አንድ ሺህ ያህል ሰዎችን ብቻ ስትፈቅድ፣ ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ ተራ የደረሰው ሙስሊም የቀረበት እውነተኛ ግዴታው ነው። እርሱን ከላንጋኖው ሰውዬ ጋር አንድ ላይ መቁጠር ግፍ ይሆናል።

ሌላው «ይህ የድህነት እንጂ የልማድ ጉዳይ አይደለም፤ ገንዘብ ያለው ሰው ልዝናና ብሎ በግልጽ ይሄዳል» ይል ይሆናል። ገንዘብ ያላቸውን እንይ። ዲያስፖራው ዶላር አለው፤ ግን ሳንቲም ለሳንቲም ቆጥቦ ሲመጣ ምን ብሎ ነው የሚመጣው? ቤተሰብ ጥየቃ። እናቴ አረጀች። ወንድሜ ያገባል። መሬቱን ላስመዝግብ። በመጋቢት 14 ከውጭ የሚገባ ሁሉ በራሱ ወጪ በተመደበለት ሆቴል 14 ቀን እንዲቆይ ታዘዘ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሠራተኛ በዓመት የሚያገኘው ዕረፍት ሁለት ሳምንት ነው። ሒሳቡን ልጅም ይሠራዋል። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው ሻንጣውን በሽቶና በጫማ ሞልቶ ቢመጣ፣ እናቱ ዶሮ ወጡን በሆቴሉ ጥበቃ እጅ ልካለት፣ እርሱ በስልክ «ደረሰኝ» ብሎ፣ ቦሌን በመስኮት አይቶ፣ አሥራ አምስተኛው ቀን ሥራ ገበታው ላይ መገኘት ነበረበት። በዚያው ሰሞን ከሳዑዲ ተገደው በአውሮፕላን የተመለሱት በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከዚህ ወግ ውጭ ናቸው፤ የእነርሱ ለይቶ ማቆያ ከዕረፍት የተቀነሰ አልነበረም።

ገንዘብም ሥልጣንም ያላቸው ሰዎች ከዚህ ልማድ ነጻ እንዳልነበሩ ዋና ከተማችን ራሷ ምስክር ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውኃ የሰፈሩት ለመታጠብና ለመፈወስ ነው ተብሎ ይነገራል። ቦታው ተስማማቸው፤ ቤት ይሠራልኝ አሉ፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ፍልውኃ መውረድ ለጤና ነው፤ ደስ ማለቱ እግረ መንገድ ነው። ዛሬም «አየር ልቀይር» የሚለው ሰው ደስታውን በመድኃኒት ስም ያስገባዋል። በ2013 መባቻ እንጦጦ ፓርክ ሲመረቅና ሕዝቡ እቴጌዪቱ ትተውት ወደ ወረዱት ተራራ ተመልሶ ሽቅብ ሲጎርፍ፣ በር ላይ የተሰለፉትን አባወራዎች ብትጠይቋቸው መልሱ አንድ ነበር፤ «ለልጆቹ ብለን ነው።» ልጆቹ በጋሪያቸው ተኝተዋል።

ታዲያ ደስታቸውን በስሙ የሚጠሩት ሕዝቦች በወረርሽኙ ጊዜ ከእኛ ተሽለው ተገኙ ወይ? ይህን ለማለት አልደፍርም። በጥቅምት ወር 2020 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያው ቃንታስ ከሲድኒ ተነስቶ ሰባት ሰዓት በርሮ ሲድኒ የሚመለስ፣ የትም የማያርፍ በረራ አዘጋጀ። ትኬቱ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ሲንጋፖር ላይ መሬት የቆመ ግዙፍ አውሮፕላን ምግብ ቤት ሆኖ ሰው ተሰልፎ በላበት። ታይፔ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ መንገደኞችን አስመዝግቦ፣ ፓስፖርታቸውን አይቶ፣ አውሮፕላን ላይ አስቀምጦ፣ ሳያስነሣ አወረዳቸው፤ እነርሱም ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ከቦሌ ተነስቶ ቦሌ መመለስ? ምን ይዞ? ሽንኩርት እንኳ የለ! ግን ሳቁ ጥቂት ቆይቶ መብረድ ይገባዋል። እነርሱ ሰበብ ስላልነበራቸው መድረሻው ሲጠፋ መንገዱን ብቻ ገዙ። እኛ ያለ ሰበብ መንገድ መግዛት ስለምናፍር፣ ሰበቡ ሲጠፋ ሁለቱንም አጣን። ዓመቱን ሙሉ «ይኸ ነገር ያብቃና…» ስንል ከረምን፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን ለመናገር ድፍረት አጣን። «…አንድ ቀን ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ምንም ሳልሠራ እውላለሁ» የሚለውን።

ሰው እየሞተ ስለ ሽርሽር ማውራት ነውር ነው የሚልም አለ፤ ነውርነቱ ይገባኛል። ግን ወረርሽኝ ለዚች አገር እንግዳ አልነበረም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ባወደመ ጊዜ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ተርፈዋል። ከዚያ መዓት የተረፈልን ነገር ቢኖር ኅዳር 12 ቀን ከተማው በጭስ የሚታጠንበት ልማድ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ደጅ ላይ ያነድዳል፣ ልጆች ጭሱን እየዘለሉ ይጫወታሉ። ሕዝቡ የመዓቱን መታሰቢያ ራሱን የልጆች መጫወቻ አድርጎታል። የላሊበላው አስጎብኚ፣ የበቅሎ አከራዩ፣ የጀልባው ቀዛፊ ደግሞ በሌላው ሰው መዝናናት እንጀራቸውን የሚበሉ ናቸው፤ ለእነርሱ የሽርሽር ወሬ የቀልድ ወሬ አልነበረም።

ክልከላው ሲላላ የመጀመሪያው የመስክ ስብሰባ በምን ርእስ እንደሚጠራ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም፤ «ኮቪድ-19ን በመከላከል ረገድ የባለድርሻ አካላት ሚና»፣ ቦታው ከሐይቅ ዳር። ከመግቢያው በር ላይ በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ በርሜል ቆሟል። ተሰብሳቢው ተራ በተራ ፔዳሉን ረግጦ ይታጠባል፤ በር ጠባቂው ግንባሩን በመለኪያ ያነጣጥርበታል። አዳራሹ ውስጥ በየሰዉ መካከል አንድ ወንበር ባዶ ተትቷል፤ ሁሉም አፉንና አፍንጫውን ሸፍኗል፤ ንግግሩ በጥሞና ተሰምቷል፤ አቋም መግለጫው ተነቧል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስምንት ተሰብሳቢዎች ውኃው ዳር አንድ ጠረጴዛ ከበው ማስካቸውን አገጫቸው ሥር ዝቅ አድርገዋል። ዓሣው የመጣው በአንድ ትሪ ነው።